ቅኝቱን የደበቀው ጊታር

በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በዱባይ ተዘጋጅቶ በዩቲዩብ በሚለቀቅ የአማርኛ ዘፈን ውስጥ የሚሰማው ጊታር ዛሬ እንጨትም ክርም ላይኖረው ይችላል። ድምፁ የሚወጣው በኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚጫወተውም ጊታሪስት ሳይሆን በአነስተኛ ኪቦርድ ፊት የተቀመጠ አቀናባሪ ነው። «ቨርቹዋል ጊታር» የሚባለው ይህ መሣሪያ በአብዛኛው የሚሠራው እውነተኛ ጊታር ክር በክር፣ ፍሬት በፍሬት፣ በለስላሳና በጠንካራ አመታት ከተቀዳ በኋላ፣ ቅጂዎቹ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተደራጅተው ነው። እንደ አምፕል ጊታር፣ ሪልጊታርና ሴሽን ጊታሪስት ያሉት ምርቶች በዚህ መስክ ስማቸው የታወቀ ነው።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ላይ የሚሰነዘረው የተለመደ ወቀሳ «ድምፃቸው ሰው ሠራሽ ነው» የሚል ነው። ይህ ወቀሳ ጊዜው አልፎበታል። ከዘፋኝ፣ ከከበሮና ከቤዝ ጋር ተዋሕዶ ሲቀርብ ቨርቹዋል ጊታርን ከእውነተኛው መለየት ለሠለጠነ ጆሮም ቢሆን ቀላል አይደለም። ትኩረት የሚሻው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እርሱም ተጠቃሚው ከመሣሪያው ጋር የሚገናኝበት ገጽ፣ ማለትም ኢንተርፌሱ ነው። ይህ ገጽ አንዳንዱን ነገር በአንድ ጠቅታ ያቀርባል፤ ሌላውን ደግሞ ከማውጫ ሥር ባለ ማውጫ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የቀረበው ይዘወተራል፣ የራቀው ይረሳል። በቨርቹዋል ጊታር ገጽ ላይ ከራቁት ነገሮች መካከል ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የሁሉ መጀመሪያ የሆነው ቅኝት ይገኝበታል። ይህንን ሳያስተውል በፕሮግራሙ የሚገለገል አቀናባሪ፣ የራሱን ዘፈን የሚያቀናብር እየመሰለው የሌላ ሰውን ምርጫ ይፈርማል።

ጊታር በኪቦርድ ሲታሰብ

የገጹን ጠባይ ለመረዳት፣ ሊፈታ የተነሣበትን ችግር ማወቅ ያስፈልጋል። በፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍ አንድ ድምፅ ነው። በጊታር ግን እንዲህ አይደለም። የመጀመሪያው ክር ሳይጨበጥ ሲመታ የሚሰጠው ኢ የተባለው ድምፅ በሁለተኛው ክር 5ኛ ፍሬት፣ በሦስተኛው ክር 9ኛ ፍሬት፣ በአራተኛው 14ኛ፣ በአምስተኛውም 19ኛ ፍሬት ላይ ይገኛል። የድምፁ ከፍታ አንድ ነው፤ ቀለሙ ግን ይለያያል። በቀጭኑ ክር ላይ ብሩህ ሆኖ ሲደወል፣ በወፍራሙ ክር ላይ ከፍ ብሎ ሲጨበጥ ደብዘዝና ወፈር ይላል። ጊታሪስት ከእነዚህ መካከል አንዱን የሚመርጠው እጁ ከነበረበትና ቀጥሎ ከሚሄድበት ቦታ ተነሥቶ፣ እንዲሁም ዘፈኑ ከሚጠይቀው ስሜት አንጻር ነው።

ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ሚዲ የተባለው ቋንቋ ግን ይህንን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው ይህ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ድምፅ ከ0 እስከ 127 ባለው ክልል ውስጥ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ለተጠቀሰው ኢ የተሰጠው ቁጥር 64 ነው። አቀናባሪው ያንን ቁልፍ ሲጫን ለፕሮግራሙ የሚደርሰው መልእክት «64 ቁጥር፣ በዚህን ያህል ጉልበት» ከማለት አያልፍም። በየትኛው ክር፣ በየትኛው ጣት፣ በፒክ ወይስ በጥፍር የሚለው በመልእክቱ ውስጥ የለም።

በዚያው በ1983 ኬቪን ካርፕለስና አሌክሳንደር ስትሮንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የተመታ ክርን ድምፅ በጥቂት የሒሳብ ስሌት ማስመሰል የሚያስችል ዘዴ አሳትመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የክርን ድምፅ መቅዳትም ሆነ ማስላት ብዙ ተራምዷል። የጊታሪስትን እጅ ማስመሰል ግን እስከ ዛሬ ያስቸግራል፤ የቨርቹዋል ጊታር ኢንተርፌስም የተፈጠረው ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

በገጹ ላይ የሚታዩት ነገሮች ሁሉ ከዚህ አንጻር ይነበባሉ። የጊታሩ አንገት ሥዕል ፕሮግራሙ የትኛውን ክርና ፍሬት እንደመረጠ ያሳያል። የእጅ ቦታ መቆጣጠሪያው ምርጫው በአንገቱ የትኛው ክፍል ላይ እንዲወሰን ያዛል። በተለመደው አቃኛኘት የጊታር ዝቅተኛ ድምፅ 40 ቁጥር ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያሉት የኪቦርድ ቁልፎች ጊታሩ የማያወጣቸው ድምፆች ናቸው። አምራቾች እነዚህን ሥራ ፈት ቁልፎች ለትእዛዝ ይጠቀሙባቸዋል፤ አንዱ ሲነካ ክሩ በመዳፍ ይታፈናል፣ ሌላው ሲነካ ጣት ከፍሬት ወደ ፍሬት ይንሸራተታል። ይህ ብልህ የምሕንድስና ሥራ ነው፤ አድናቆት ይገባዋል።

የሌለውን ድምፅ የሚጨምር ኮርድ

ችግሩ የሚጀምረው ገጹ ከመርዳት አልፎ መወሰን ሲጀምር ነው። አብዛኞቹ ቨርቹዋል ጊታሮች ኮርድ የሚያውቅ ክፍል አላቸው። አቀናባሪው ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ የኮርዱን ስም ይገምትና በስድስቱም ክሮች ላይ ሙሉ አድርጎ ይገርፈዋል። ከዚያም በተዘጋጀ የአገራረፍ ስልት፣ ማለትም በፓተርን፣ እጁን እያወረደና እያወጣ ይቀጥላል። በአንድ ጣት ለሚጫወት ሰው ይህ ታላቅ ስጦታ ይመስላል።

ይህንን ክፍል በአምባሰል ቅኝት መፈተን ይቻላል። አምባሰል ከሲ ተነሥቶ በፒያኖ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት በተባሉ አምስት ድምፆች ይወከላል። የምዕራቡ ዓለም ኮርድ ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ሦስተኛ ድምፅ ሲሆን፣ ለሲ ይህ ድምፅ ኢ ወይም ኢ ፍላት ነው። በአምባሰል ውስጥ ሁለቱም የሉም። አቀናባሪው ዜማው በሚያርፍበት በሲ ላይ የፕሮግራሙን የሲ ኮርድ ሲጠራ፣ ጊታሩ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ጨምሮ ይገርፋል። ዘፋኟ አምባሰል ስትዘፍን ጊታሩ ሌላ ቋንቋ ይናገራል። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የተነገረውን ፈጽሟል። ሙሉ ኮርድ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ግን አስቀድሞ የወሰነው አምራቹ ነው።

ይህ በየዘፈኑ ሲደጋገም ውጤቱ የሚታየው በአድማጩ ጆሮ ላይ ነው። ከአገር ውጭ ተወልዶ አምባሰልን በቀረጻ ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ የተጨመረችውን ድምፅ የቅኝቱ አካል አድርጎ ይለምዳታል። አንድ ቀን የክራሩን አምባሰል በሰማ ጊዜ የጎደለ ነገር ያለበት ሊመስለው ይችላል።

ስለ ምትም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል። ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚመጡት ፓተርኖች በብዛት ለፖፕ፣ ለሮክና ለፎልክ የተዘጋጁ ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ 6/8 የሚል ምድብ መገኘቱ ብቻውን ችክችካን አያመጣም፤ በቁጥር አንድ የሆኑ ሁለት ምቶች ክብደታቸው በሚያርፍበት ቦታ ይለያያሉና። ለዝግታ የፍቅር ዘፈን የተቀዳ 6/8 በችክችካ ከበሮ ላይ ሲነጠፍ ጭፈራው ይከብዳል፤ ትከሻም እንደ ልብ አይነሣም።

«ሂዩማናይዝ» የሚለው መቆጣጠሪያም ከዚህ የተለየ አይደለም። ተግባሩ የምቶቹን ጊዜና ጉልበት በጥቂቱ እያዛነፈ ጨዋታው የሰው እንዲመስል ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ ጥሩ ጊታሪስት ከምት ወደ ኋላ የሚዘገየው በዕጣ ሳይሆን በምክንያት ነው፤ ዘፋኙን ስለሚጠብቅ ወይም የሚቀጥለውን ሐረግ ሊያጎላ ስለፈለገ ነው። በዘፈቀደ የተረጨ ስሕተት የሰው ጨዋታ አይሆንም።

ቅኝት ይቀድማል

በአማርኛ «ቅኝት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት የዜማ ሥርዓቶች ቅኝቶች ናቸው፤ መሣሪያን ማስተካከልም መቃኘት ነው። ይህ የቃል አጋጣሚ ሳይሆን የሙዚቃውን አሠራር የሚገልጽ ነው። የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሸጋገር ክሮቹን እንደ ገና ይቃኛል። መሣሪያው ራሱ ቅኝቱን ይሆናል፤ ዘፈኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጊታር ግን ክሮቹ አንድ ጊዜ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብለው ከተቃኙ ጣቶች ናቸው የሚዞሩት። ቨርቹዋል ጊታር ይህንኑ ልማድ ወርሶ የክሮቹን አቃኛኘት ከፊት ገጹ አስወጥቶታል።

የግርፍ ክራር አጨዋወት ደግሞ ልዩነቱን ይበልጥ ያጎላዋል። በግርፍ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ባንድነት ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ እንዲሰሙ የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ያፍናሉ። ዜማው የሚወጣው ካልታፈነው ክር ነው። የጊታሪስት ግራ እጅ ድምፅ ለመውለድ ሲጫን፣ የክራር ተጫዋች ግራ እጅ ድምፅ ለመከልከል ይነካል። በቨርቹዋል ጊታር ገጽ ላይ ማፈን አንድ የትእዛዝ ቁልፍ፣ የድምፅ ቅመም ነው። በግርፍ ውስጥ ግን የሰዋስዉ መሠረት ነው።

ሌላው ጉዳይ የድምፆቹ ርቀት ነው። የጊታር ፍሬቶች የተተከሉት ስምንተኛውን ድምፅ፣ ማለትም ኦክታቭን፣ በ12 እኩል ክፍል በሚከፍለው ሥርዓት ሲሆን፣ አንድ ፍሬት ወደ ላይ መውጣት የድምፁን ድግግሞሽ በ1.0595 ያባዛዋል። ፍሬት የሌላቸው ማሲንቆና ክራር በዚህ ሒሳብ የመገዛት ግዴታ የለባቸውም። ከላይ አምባሰል በፒያኖ ድምፆች የተጻፈውም ለማስረዳት እንዲያመች እንጂ የክራሩ ድምፆች ሁሉ በትክክል እዚያ ላይ ስለሚያርፉ አይደለም።

መዋስ ነውር አይደለም

በዚህ ሐሳብ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በውሰት ያደገ ነው፤ ሳክስፎኑም፣ አኮርዲዮኑም፣ ጊታሩም ከውጭ የመጡ ናቸው። የተቃኙ ፍሬቶች አምባሰልን ካጠፉ ሥራውን የጀመረው ቨርቹዋል ጊታር አይደለም። በተጨማሪም ይህ ፕሮግራም በሌለበት ዘፈናቸው ጨርሶ የማይቀረጽ ብዙዎች አሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሌሎች ጋር ክፍል ተጋርቶ የሚኖር ሠራተኛ ስቱዲዮ ተከራይቶ፣ ጊታሪስት ቀጥሮ ሊያስቀርጽ አይችልም። በጆሮ ማዳመጫና በላፕቶፕ ግን ሌሊት ማንንም ሳይረብሽ መሥራት ይችላል። ይህ ቀላል በረከት አይደለም።

ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ውሰቱ እንዴት እንደተከናወነ ማስተዋል ያሻል። በሮሃ ባንድ የሚታወቀው ጊታሪስት ሰላም ሥዩም ወልደማርያምም ሆነ አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትን የመሠረተው ግሩም መዝሙር ጊታሩን የያዙት ለአገራቸው ዜማ እንዲታዘዝ አድርገው ነው። ፍሬቱ አይንቀሳቀስም፤ ጣት ግን ክሩን ይስባል፣ ያንሸራትታል፣ የማያስፈልገውን የኮርድ ድምፅ ይተዋል። የውሰት መሣሪያ የተገራው በእጅ ነበር። ቨርቹዋል ጊታር የሚለየው እጁንም አብሮ ስለሚያቀርብ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ የሌላ ሙዚቃ ልማድ አለው።

ማሽን ብቻውን ሙዚቃን እንደማያጠፋ የሚያስረዳ ጥሩ ምሳሌ በስደት ታሪክ ውስጥ አለ። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ለብቻው አልበም ቀረጸ። ያ ሥራ በ2013 እንደ ገና ታትሞ ኢትዮጵያን በማያውቁ አድማጮች ዘንድ ሳይቀር ተወዳጅ ሆኗል። ባንድ አልነበረም፤ ማሽኖቹም ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የተሠሩ አልነበሩም። ዜማውን የመራው ግን የአኮርዲዮኑ እጅ ነበር፤ ማሽኖቹ ተከተሉት።

ከፊት ገጹ ባሻገር

ስለዚህ መፍትሔው ፕሮግራሙን መተው ሳይሆን በፕሮግራሙ ውስጥ ጠለቅ ብሎ መግባት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ኮርድ የሚገምተውን ክፍል ማጥፋት ነው። ሪልጊታርን ጨምሮ ብዙ ፕሮግራሞች ተጠቃሚው ድምፆቹን አንድ በአንድ የሚጫወትበት የተለየ ስልት አላቸው። በዚህ ስልት ለሲ ሙሉ ኮርድ በመጥራት ፈንታ ሲ እና ጂን ብቻ መጫን ይቻላል። ጊታሩ ባዶ የሚመስል ከሆነ ባዶነቱ የቅኝቱ ነው፤ መሙላት ያለበት በቅኝቱ ድምፆች ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የአንገቱን ሥዕል እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ መረጃ ማንበብ ነው። ፕሮግራሙ አንዱን ድምፅ በ2ኛ ፍሬት፣ ተከታዩን በ12ኛ ፍሬት ከመረጠ የማንም እጅ እንዲህ አይዘልም፤ ጆሮም ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ይጎረብጠዋል። የእጅ ቦታ መቆጣጠሪያውን በአንድ ክልል ማሰር ብዙውን ጊዜ ከማንኛውም የድምፅ ማሳመሪያ ይልቅ ጨዋታውን ወደ ሰው ያቀርበዋል።

ሦስተኛው ክሮቹን መቃኘት ነው። በአንዳንድ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ በሌሎችም ከ12ቱ እኩል ክፍሎች ውጭ የሆነ የድምፅ ሚዛን መጫን ይፈቀዳል። ከዚያም የግርፍን ስልት መኮረጅ ይቻላል፤ የሚፈለገውን ክር በሙሉ ድምፅ፣ የቀሩትን በታፈነ ድምፅና በዝቅተኛ ጉልበት መጻፍ ነው። ሥራው አድካሚ ቢሆንም የሚገኘው ድምፅ በየትኛውም የፓተርን ዝርዝር ውስጥ የለም።

አራተኛው ፒች ቤንድ በሚባለው መዘውር ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ነው። መዘውሩ 16,384 ደረጃዎች ስላሉት ለረቂቅ የድምፅ ስበት አያንስም። ይሁን እንጂ በተለመደው የሚዲ አሠራር ስበቱ በአንድ ቻናል ያሉትን ድምፆች ሁሉ ባንድነት ያንቀሳቅሳል። አንድ ክር ብቻ መሳብ የሚፈልግ ሰው ዜማውን በሌላ ቻናል ማስቀመጥ፣ ወይም ፕሮግራሙ የሚቀበል ከሆነ ኤምፒኢ የተባለውን፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ የየራሱን ስበት የሚሰጥ ሥርዓት መጠቀም ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ተደርገው ሲያበቁ ውጤቱን በራስ ፕሪሴትነት ማስቀመጥ ይገባል። እስካሁን በየቤቱ ብዙዎች ለየራሳቸው አስተካክለው፣ ዘፈኑ ሲያልቅ የሚያጠፉት ሥራ አለ። «ባቲ»፣ «አምባሰል»፣ «ግርፍ» የሚል ስም ተሰጥቶት ከአቀናባሪ ወደ አቀናባሪ ቢተላለፍ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ወጣት ከባዶ አይጀምርም። የክራር አዋቂና የኮምፒውተር አዋቂ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ በአንድ ከሰዓት ብዙ ነገር ማከናወን ይችላሉ፤ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ ባሉ ከተሞች ሁለቱም አይጠፉም።

አምራቾቹም ከኃላፊነት ነፃ አይደሉም። አቃኛኘትን ከማውጫ ሥር አውጥቶ በፊት ገጹ ላይ ማስቀመጥ፣ ኮርድ የሚገምተው ክፍልም ከተመረጠው ቅኝት ውጭ ድምፅ እንዳይጨምር ማድረግ ለፕሮግራመር የማይቻል ሥራ አይደለም። ጥቅሙም ለኢትዮጵያውያን ብቻ ሳይሆን ከ12ቱ እኩል ክፍሎች ውጭ ለሚጫወተው ብዙ የዓለም ሙዚቀኛ ነው። ነገር ግን ማንም ያልጠየቀውን አምራች አይሠራም። ፕሮግራሙን በገንዘባቸው የሚገዙ አቀናባሪዎች ስለ ቅኝት ዝም ካሉ፣ ቅኝትን የሚያስታውስላቸው አምራች አይኖርም።

ጠያቂነት ደግሞ ከዕለት ሥራ ይጀምራል። የክራር ተጫዋች ዘፈኑን ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን እንደሚቃኝ ሁሉ፣ የኮምፒውተር አቀናባሪም የመጀመሪያውን ኮርድ ከመጫኑ በፊት የአቃኛኘቱን ማውጫ ፈልጎ ሊከፍት ይገባል። የሚወስድበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።